የትኛው እጄ ነው?

ኅዳር 4

ለችኩሌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ግን ትራስ ተደግፌ፣ ሳቅ ሲመጣብኝ የጎድን አጥንቴን ይዤ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኝ አንዴም አለመመለሴን ቅያሜ አታድርጊብኝ።

ስልኬ ለምን እንደማይነሳ ጠይቀሻል። ሐኪሙ ጭንቅላቴ ስለተናጋ ስልክ እንዳላይ፣ ጫጫታም እንዳልሰማ ከልክሎኛል። ወንድሜ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ መድኃኒት ቤት ስለሚሠራ ሐኪሙ አንድ ካለ እሱ አሥር ይላል። ስልኬን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይዞራል። የተፈቀደልኝ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱንም በቀን ግማሽ ገጽ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት አራተኛ ቀኔ ነው።

እዚህ ድረስ መምጣቴ ቅር እንዳሰኘሽ ገብቶኛል። ምን ላድርግ? ባለቤቴ የጭነት መኪናው ላይ ነው፤ በወር ሁለቴ ቤት ቢያድር ነው። ግራ እጄን በጀሶ ታስሬ ብቻዬን ምን ልሆን እቀመጣለሁ? ወንድሜ መጥቶ እንደ ዕቃ ጭኖ ወሰደኝ። አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ በጎኔ ቆጥሬ።

አሁን የሆዴን ልንገርሽ። የብስክሌት ማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ደወል ሲደወል አስታውሳለሁ። ሁለቱ ልጆች ቀድመውን ሄደዋል። ለምርጫ ቡድኑ የሚያልፉት ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ወይ አንቺ ነሽ ወይ እኔ ነኝ። ከኋላችን የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ አለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። መጋዘኑን አለፍን። ከዚያ በኋላ የማውቀው የሆስፒታል ጣሪያ ነው።

ኮሪደሩ ላይ «ምን ሆኜ ነው?» ብዬ ስጠይቅሽ «ፍሬን የያዙ መሰለኝ» አልሽኝ። እሷን ይዤ ነው የምውለው የማድረው። ሃያ ሰው ተጠጋግቶ ሲነዳ መታጠፊያ ላይ ፍሬን አይያዝም ብዬ አንቺን ያስተማርኩ ሰው ራሴ ያዝኩ? መምህሯ እኔ ላይ ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ይቅርታ ጠይቄ ጽፌላታለሁ።

ጎኔ ነበርሽ፤ ካንቺ የተሻለ ያየ የለም። እስቲ ሳትሰለቺ በዝርዝር ጻፊልኝ።

እትዬሽ

ኅዳር 15

ለማከብርዎ እትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ቀለም በነካው እጄ ነው የከፈትኩት፤ ጠርዙ ላይ የጣቴ አሻራ ቀርቷል። እናቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው ነው። ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ «ያቺን ሰይጣን መጋለቢያ ተዪ በያት» ትላለች፤ እርስዎን ማለቷ ነው፣ ከእኔስ ተስፋ ቆርጣለች።

ሥራዬን በተመለከተ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሕትመት ተቀብለን ፋታ የለንም። እኔ አሁን የወረቀት መቁረጫው ላይ ነኝ። አለቃችን ሁለት ፈረቃ አድርጎናል። አዲስ የመጣው ማሽን በሳምንቱ ተበላሽቶ ጠጋኙ ከውጭ እስኪመጣ በአሮጌው እየታገልን ነው። አሮጌው ቢያንስ ሲያጉረመርም ምን እንደፈለገ ይገባናል።

አሠልጣኙ በየሳምንቱ ስለ እርስዎ ይጠይቃል። ምርጫውን ሰምተው ይሆናል፤ ስሜ ተለጥፏል። ትልቁ ውድድር ጥር 18 ነው።

ሰሞኑን እንዴት እንደጀመርኩ ሳስብ ነበር። ካቻምና የቀሚሴን ዚፕ ላስቀይር ሱቅዎ ስገባ ብስክሌቱ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተደግፎ ነበር። የልጅዎ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ የእኔ ነው፣ ሲሰፉ መዋል ያጎበጠውን ወገቤን የማክምበት ነው አሉኝ። የሳቅኩት እስካሁን ያሳፍረኛል። በሳምንቱ ድልድዩ ዳገት ላይ ጥለውኝ ሲሄዱ ነው ሳቄ ያለቀው። ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ በልምምድ ምክንያት ቀርቼ አክስቴ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አትቀበልም። ያ የሚያውቁት ሰው ደግሞ ወይ እኔ ወይ ጎማው አለኝ፤ ጎማውን መረጥኩ። በሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እብደት ነው እል ነበር።

ስለ መታጠፊያው ብዙ የማውቀው የለም። ጠጠር ነበረ፤ የውድድሩ ኮሚቴም የጻፈው እንደዚያ ነው። ሁሉም በቅጽበት ነው የሆነው። ራስዎን አያድክሙ፤ ሐኪሙም የሚለው እሱን ይመስለኛል።

አክባሪዎ
ችኩሌ

ኅዳር 27

ለችኩሌ፣

እንደምን ነሽ? ስለ ማተሚያ ቤቱ ማሽን ግማሽ ገጽ፣ ስለ መታጠፊያው አራት መስመር ጻፍሽልኝ። መለካት ሥራዬ ነውና እንዳትቀየሚኝ።

እንዳልጨነቅ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሆስፒታል ፍሬን ነው አልሽኝ፣ አሁን ጠጠር ነው ትያለሽ። የትኛው ነው? ጠጠር ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ፍሬን ከሆነ የእኔ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።

ጀሶው ያለው ግራ እጄ ላይ ነው። ቀኙ ምንም አልሆነም። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ ጣቶቼን አስጨብጦ፣ ደህና ነው ብሎኛል። እስክሪብቶ ይይዛል፣ ማንኪያ ይይዛል፣ የወንድሜን በር ያንኳኳል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ አዲስ ሱሪ ገዝቶ ረዝሞበት ስለነበር ላሳጥርልህ አልኩት። ጠመኔ አሰምሬ፣ በግራ ክንዴ ጨርቁን ተጭኜ መቀሱን ያዝኩ። መስመሩ ጋ ሲደርስ እጄ ቆመ። ይንቀጠቀጣል እንዳትይኝ፤ ቆመ። እንደ ሌላ ሰው እጅ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ፣ ስንት ውድ ሱፍ ሲመጣልኝ፣ አንድም ቀን ይህን እጅ ተጠራጥሬው አላውቅም። አሁን ግን «አንተ አይደለህ እንዴ ሳላዝህ ፍሬን የያዝከው?» እለዋለሁ። ካላዘዝኩት የሚሠራ እጅ ሌላ ቀን ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ?

ሱሪውን ወንድሜ ሳይቆረጥ፣ አጥፎ ለብሶት ወጣ።

መምህሯ መልሳልኛለች። ማንም ሆን ብሎ አይወድቅም፣ እርስዎም ተጎድተዋል፣ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ ብላ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈቷ ጻፈችልኝ። አነበብኩትና አልቀለለኝም።

ሌላው ነገር፣ ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር በጨርቅ የጠቀለልኳቸው ቀላል ቸርኬዎች አሉ። ለምርጫው ካለፍኩ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ባለቤቴ ሲገባ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ጥር 18 በእነሱ ንጂ። ቡድኑ ውስጥ ከሁለት አንዳችን መግባታችን ለእኔ መጽናኛ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ፍሬን ስይዝ የትኛው እጄ ነው? ቀኝ ነው ግራ?

እትዬሽ

ታኅሣሥ 9

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ ስለነበር ነው።

ቸርኬዎቹን ባለቤትዎ ራሳቸው ቤታችን ድረስ አምጥተው ሰጡኝ። አልወስድም ብያቸው ነበር። «እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ክርክር ካለሽ ከሷ ጋር» አሉኝና በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እስካሁን ከጨርቁ አላወጣኋቸውም።

ለጠየቁኝ፣ ቀኙ ይመስለኛል።

እጅዎ በጊዜው ይመለሳል፤ ሐኪሙ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። ብዙ አያስቡበት። አሠልጣኙ ልምምዱን አጠንክሮታል፤ ከሥራ በፊት እየወጣን ነው። ብርድ ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አክባሪዎ
ችኩሌ

ታኅሣሥ 19

ለችኩሌ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አመሰግናለሁ። ለመጻፍ ምን ያህል እንደከበደሽ ከደብዳቤሽ ማጠር ገብቶኛል። እውነቱን የሚነግር ሰው ጥቂት ነው፤ ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ጠጠር ነው እያለ ሲያባብለኝ ይኖር ነበር።

ቀኙ ነው። እኔም ጠርጥሬ ነበር።

ጀሶው ተፈትቷል። ግራ እጄ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ የሌላ ሰው መስሏል፤ ግን ይታዘዘኛል። ቀኙ ነው እንጂ። ደብዳቤሽ ከደረሰ ወዲህ መርፌ ላይ ክር እንኳ ማሳለፍ አቅቶኛል። ክሩን ቀዳዳው ጋ አደርሰውና እዚያው እቆማለሁ። ወንድሜ ሻይ እያማሰለ በጎን ያየኛል፤ ሳየው ዞር ይላል።

ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ሱቁን እንለቃለን። ባለቤቴ ባለፈው ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ተነጋገርንበት። መጀመሪያ ተቆጣ። ቆይ እስቲ ይሻልሻል አለ፤ ኋላ እንዳልሽ አለ። ስልክ የሚጠግን ልጅ ቤቱን ሲጠይቀን ነበር፤ ጥር መጨረሻ ላይ ይረከበናል። የስፌት መኪናዎቹን የሚገዛ ይፈለጋል። ብስክሌቱንም እንዲሸጠው ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ገዢ ጠፋ ይለኛል። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ከልጆች ጋር ስሽቀዳደም የነበርኩትን ሳስብ አፍራለሁ። ሰፈሩ ሲስቅብኝ አልገባቸውም እል ነበር። ገብቷቸው ኖሯል።

አንድ ሥራ ላስቸግርሽ። መደርደሪያው ላይ የሰው ጨርቅ አለ፤ የሰባት ሰው ነው። እያንዳንዱ ላይ በወረቀት ስሙንና ልኩን አያይዣለሁ። ቁልፉ ጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ ዘንድ ነው። ለየባለቤቱ መልሺልኝ፤ ታማ ነው በዪ። እጇ ከዳት አትበዪ።

በጥር 18 አስብሻለሁ። ለሁለታችን ንጂ።

እትዬሽ

ጥር 1

ለማከብርዎ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ወንድምዎ አጠገብዎ ካሉ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ይውጡልዎ።

ፍሬን አልያዙም። በቀኝም አልያዙም፣ በግራም አልያዙም። ጠጠርም አልነበረም።

እንደሆነው ልጻፈው። መጋዘኑን እንዳለፍን መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እኔ በግማሽ ጎማ እቀድምዎ ነበር፤ እርስዎ በውስጥ በኩል መጡ። «በቀኝሽ ነኝ» አሉኝ። ነፋስ ነበር፣ ሰው ይጮህ ነበር፣ አልሰማሁም ብል ማንም ያምነኛል። ሰምቻለሁ። ልምምድ ላይ ስንት ጊዜ ብለውኛል፤ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ያህል እለቅልዎና ጎን ለጎን እንታጠፋለን። ያን ቀን አልለቀቅኩም። መሪዬን ወደ ቀኝ ሰብሬ ዘጋሁብዎ። የእርስዎ የፊት ጎማ የእኔን የኋላ ጎማ ሲነካው በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። ሁለተኛውንም ሰማሁ፤ መምህሯ ነበረች።

ዞር ብዬ አላየሁም። መስመሩን ሳልፍ እጄን አነሳሁ።

ለምን እንደሆነ ለራሴም ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እርስዎን ጠልቼ አይደለም። የእኔ ዕድሜ ገና ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እደርሳለሁ፤ የእርስዎ ግን የመጨረሻ ዕድልዎ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አክስቴ ነች፣ ያ ሰው ነው፣ የእናቴ እሑድ እሑድ ብቻዋን መብላት ነው። ይህን ሁሉ ሰጥቼ አራተኛ ልወጣ ነው? አልኩ። ለሰጠሁት ሁሉ የሆነ ሰው ዕዳ ያለበት መሰለኝና ከእርስዎ ላይ ወሰድኩት።

ሆስፒታል ልነግርዎ ነበር የመጣሁት። ያን ዓይንዎን ከፍተው «ምን ሆኜ ነው?» ሲሉኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ። እንደዚያ ከወጣ በኋላ ለኮሚቴው ጠጠር ነው ማለት ቀላል ነበር። የትኛው እጄ ነው ብለው ሲጽፉልኝ ደብዳቤውን ሳምንት ሙሉ ያዝኩት። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ከዚያ «ቀኙ» አልኩ። ግራ እጅዎ ስለተሰበረ በእሱ ላይ ሌላ ሸክም ላለመጨመር ብዬ ነው እልዎ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። አንዱን መምረጥ ነበረብኝና መረጥኩ።

ጨርቆቹን ለመመለስ ሱቅ ገባሁ። ስድስቱን አደረስኩ። ሰባተኛው የሽማግሌው ነው፣ ያ ግራጫ ሱፍ። ቤታቸው ሄጄ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። ምን ሆና ነው አሉ። ታመው ነው አልኳቸው። «ታዲያ ትዳናለቻ። እሷ ካልቆረጠችው እዚያው ይቀመጥ፤ እኔ የትም አልሄድም» አሉኝ። ጨርቁን ታቅፌ መንገድ ላይ ቆምኩ። እርስዎ የማይድኑት በእኔ ምክንያት እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። መውደቅዎን ማለቴ አይደለም። ከመውደቁስ እየዳኑ ነበር፤ ያላዳንዎ ውሸቴ ነው።

እጅዎ ምንም አላደረገም። ያዘዙትን ነው የሠራው፤ መሪውን አጥብቆ ይዞ ነበር። ያነሱዎት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ እስከ መጨረሻው እንደያዘ ነው የወደቁት፤ ግራ እጅዎ የተሰበረውም መሪውን ስላልለቀቀ ነው።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም።

ችኩሌ

ጥር 7

ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ለመምህሯ የጻፍኩት ይቅርታ የእኔ አልነበረም። ሄደው የራስዎን ይስጧት። ለኮሚቴው ምን እንደሚሉ እኔ አልነግርዎትም፤ ራስዎ ያውቃሉ። ውድድሩ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው።

ቸርኬዎቹን ባለቤቴ ማክሰኞ ሲገባ ያስረክቡ። የሽማግሌውን ጨርቅ ወደ ቦታው ይመልሱ።

ለእናትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ጥር 16

ለማከብርዎ እትዬ፣

ደብዳቤዎ አጭር ነበር፤ ከሁሉ በላይ የወጋኝ ግን «እርስዎ» መባሌ ነው። መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት።

መጀመሪያ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ልጆቹን ወላጆቻቸው እየወሰዱ ስለነበር ግቢው እስኪጸዳ በር ላይ ጠበቅኩ። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን፤ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ ነው የነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትከሻዋን አንዴ አሸት አደረገችና «እትዬን ይቅር ብያቸዋለሁ። ያን ይቅርታ ላንቺ አላዞረውም» አለችኝ። ከዚያ ወንበሮቹን መደራረብ ጀመረች። ልረዳት ተነሳሁ፤ ተዪው አለችኝ። ወጣሁ።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበልኝ። አምስት ሰው ናቸው። አንዱ ይህን ለምን አሁን ትነግሪናለሽ ሲል ተቆጣ፤ ስሟ ከተላለፈ በኋላ ቡድኑን ልታዋርድ ነው አለ። ጠጠር ተብሎ ተጽፏል፣ እንደተጻፈ ይቅር ያለም ነበረ። እንዲቀርልኝ ያለው እሱ ሰው ደግ ሰው ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል አየሁት፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ልቤ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። አሠልጣኙ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ስትጠራሽ ሰምተሻል?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጁን ዘረጋና መለያውን ጠየቀኝ። ለሁለት ዓመት ታግጃለሁ። በእኔ ቦታ አራተኛ የወጣችው ልጅ ትሄዳለች። ከነገ ወዲያ ነው ውድድሩ፤ እኔ ፈረቃዬ ላይ ነኝ።

ቸርኬዎቹን ለባለቤትዎ መለስኩ። እንደነገሯቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ከጨርቁ አውጥተው አንዱን በጣታቸው አሽከረከሩት፣ ቀጥ ማለቱን አዩ፣ መልሰው ጠቀለሉት። ልወጣ ስል ውኃ ልስጥሽ ወይ አሉኝ። እምቢ አልኩ። አሁን ባሰብኩት ቁጥር መጠጣት ነበረብኝ እላለሁ።

ለእናቴም ነገርኳት። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ማታ ግን እራት ስታቀርብ ድስቱን ወደ እኔ ገፋችልኝ።

የሽማግሌው ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ነው።

ችኩሌ

ጥር 29

ለችኩሌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከደብዳቤሽ ጋር በትንሽ ወረቀት ለብቻ የጻፍሽውን አይቻለሁ። ለእሱ መጨረሻ ላይ እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ እዚህ የሆነውን ስሚ።

የጥር 1 ደብዳቤሽ የደረሰኝ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ስሞቅ ነው። ወንድሜን እንዳልሽኝ አስወጣሁት። አንብቤ ስጨርስ ጆሮዬ ጮኸ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ በባለቤቴም፣ በደንበኛም፣ በማንም። ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁና መቀስ አምጣ አልኩት ወንድሜን። ፊቴን አይቶ የለም አለኝ። መሳቢያውን ከፈትኩት፤ ከመሳቢያው አውጥቶ ፍራሽ ሥር የደበቀውን አገኘሁት። ሰው ልትገድል ነው ብሎ ይሆናል፤ አልተሳሳተም፣ አንቺ ቅርብ ብትሆኚ ኖሮ።

ሻንጣው ውስጥ ኮት አሰፋበታለሁ እያለ ሦስት ዓመት ያስቀመጠው ጥቁር ሱፍ አለ። አወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ልኩን አልወሰድኩም፤ ያን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳለብሰው አድጌ ልኩ ይጠፋኛል? ጠመኔም አልነካሁም። ጀርባውን ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ፊት ቆረጥኩ፣ እጅጌውን ቆረጥኩ። እጄ አንድ ቦታ እንኳ አልቆመም። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ ለጨርቁ ይሳሳ ለእኔ ይዘን አላወቀም። ስጨርስ መቀሱን አስቀምጬ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ያዝኩት። ከዚያ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ አልነበረም። ያን እጅ ሦስት ወር ሙሉ ሰድቤዋለሁ፤ እንደ ሌባ ነው የጠበቅኩት። እሱ ግን ምንም አላደረገም ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ እንድትደሰቺ ብዬ አይደለም። እኔን ከመጣልሽ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ። ሰው ይወዳደራል፣ ይስታል፣ ይሰስታል፤ መታጠፊያ ላይ የሚያልፈው ሐሳብ በእኔም ጭንቅላት አልፎ ይሆናል፣ ባስታውስ ኖሮ እነግርሽ ነበር። ግን የትኛው እጄ ነው ብዬ ለምኜ ስጠይቅሽ አንዱን መርጠሽ ሰጠሽኝ። እሱን ገና አልጨረስኩትም።

ሱቁን አንለቅም። ባለቤቴ ለስልክ ጠጋኙ ልጅ ቃል አልሰጠም ኖሯል፤ ሲለው የነበረው ቆይ፣ ቆይ ነው። ብስክሌቱንም ገዢ ጠፋ ሲለኝ የነበረው ለማንም ሳያሳየው ነው። አምስት ሰው ጠይቆት ነበር አለች ፀጉር ሠሪዋ። ሁላችሁም ስትዋሹኝ ከርማችኋል፤ የሱን ግን ይቅር ብያለሁ።

ለመምህሯና ለኮሚቴው መናገርሽን ሰምቻለሁ፤ መምህሯ ጽፋልኛለች። ስለ ደጉ ሰውዬ የጻፍሽልኝን ሳነብ፣ ልብሽ ወደ እሱ መሄዱን ባትነግሪኝ ኖሮ ሌላውንም አላምንሽም ነበር። ሁለት ዓመት ረዥም ነው። በውድድር አትነጂ ተባልሽ እንጂ አትነጂ አልተባልሽም። እኔ ደግሞ እንደገና ልንዳ አልንዳ አላውቅም፤ ጎኔ ገና ያመኛል፣ ሽማግሌውም ኮቱን እየጠበቀ ነው።

ልምጣ ወይ ብለሻል። እዚህ እንዳትመጪ። ወንድሜም አያስገባሽም፤ ኮቱን ለብሶ ቢሆንም ባንቺ ተቆጥቷል። እኔ የካቲት አጋማሽ ላይ እመለሳለሁ። ሱቁን ስከፍት ትሰሚያለሽ። ያን ጊዜ ነይ። ምንም ይዘሽ አትምጪ፣ ዚፕም ጨርቅም። በሩ ላይ ቆመሽ እኔ ነኝ በዪ። ያን ቀን ምን እንደሚመጣልኝ አላውቅም። ወይ ግቢ እልሻለሁ፣ ወይ ቀና ብዬ ሳላይሽ መስፋቴን እቀጥላለሁ። ሁለቱንም ችለሽ ነይ።

እትዬሽ